ያውቁ ኖሯል? የመንገድ ጨረታ ፉክክርም ይለካል!

ከአዳማ ተነሥተው፣ አዋሽን ተሻግረው፣ ዴራንና ኢተያን አልፈው አሰላ ሲገቡ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥተዋል! እንዲህ ያለ መንገድ ጨረታ ሲወጣበት እያንዳንዱ ሥራ ተቋራጭ ለቁፋሮው፣ ለሙሌቱ፣ ለጠጠሩና ለአስፋልቱ ለየብቻ ነጠላ ዋጋ ይሞላል። ተጫራቾቹ ከልብ ተፎካክረው እንደሆነ ከእነዚህ ቁጥሮች ብቻ ፍንጭ ማግኘት ይቻላል ቢባሉ ያምናሉ?

አንዱ መለኪያ በአንደኛውና በሁለተኛው ዝቅተኛ ዋጋ መካከል ያለው ርቀት ነው! የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ 10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር! በጨረታ ግን አንደኛው ከሁለተኛው እጅግ ርቆ ከወረደ፣ ገና በአሸነፈበት ቀን ይደነግጣል። ሥራውን በርካሽ ሸጦታላ!

ዋጋዎች ከልክ በላይ ሲቀራረቡስ? ያኔ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይነሣል! በስዊዘርላንዷ ቲቺኖ የአስፋልት ድርጅቶች ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ጨረታውን በስውር ተከፋፍለውት ነበር። በዚያ ዘመን ዋጋዎቻቸው ከአማካያቸው የሚርቁት በአማካይ ወደ 3 በመቶ ብቻ! ስምምነቱ ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ፤ ልዩነቱም ሰፋ።

በኒውዮርኳ ሎንግ አይላንድ የመንገድ ጨረታዎች የተገኘው ግን ከሁሉም ይብሳል! ሮበርት ፖርተርና ዳግላስ ዞና የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 አሸናፊውን ትተው ተሸናፊዎቹን መረመሩ። ሐቀኛ ተሸናፊ ወጪው ከፍ ሲል ዋጋውም ከፍ ይላል። የሤረኞቹ የሽንፈት ዋጋ ግን ከወጪያቸው ጋር አይገናኝም! ለመሸነፍ ተብሎ የተጻፈ ነዋ! እስቲ ወደ አሰላው መንገድ ያምጡት፦ የድንጋይ ካባው ከሥራ ቦታው አጠገብ የሆነለት ተቋራጭ ጠጠር ከሩቅ ከሚያስጭነው የበለጠ ዋጋ ቢሞላ አይገርምዎትም?

አሸናፊ በጨረቃ ሲመረጥ ሰምተው ያውቃሉ? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች የመንግሥት ጨረታዎች ለማን እንደሚደርሱ የሚደለድሉበት ዘዴ «የጨረቃ ምዕራፎች» ይባል ነበር!

ገበያው በስንት እጅ እንደተያዘ የሚነግር ቁጥርም አለ! የየተቋራጩን ድርሻ በመቶኛ ይውሰዱ፤ እያንዳንዱን በራሱ ያባዙ፤ ከዚያ ይደምሩ። አሥር ድርጅቶች እኩል ከተካፈሉት 1,000! አንዱ ሁሉንም ከጠቀለለ 10,000! ቁጥሩ በሌላ ሰው ስም መጠራቱ የከነከነው የምጣኔ ሀብት ምሁር አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1964 አባቱ እኔ ነኝ ብሎ ጽፏል!

በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሳጥኑ ሲከፈት አንድ ፖስታ ብቻ የተገኘባቸው ጨረታዎች ይቆጠራሉ። ከ100ው ከ20 በላይ ከሆኑ ለአገሪቱ ቀይ ምልክት!

በእኛስ አገር? ተጫራቾች ተመሣጥረው ዋጋ እንዳይሞሉ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በግልጽ ከልክሏል! በፖስታ በሚቀርብ ጨረታም ፖስታው የሚከፈተው ተጫራቾች ባሉበት ነው፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ጮክ ተብሎ ይነበባል! እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ ይህች ንባብ ናት። ስንት ተወዳደሩ፣ ማን ወረደ፣ ማን ራቀ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት ይሰማል!

የመንገዱ ገንዘብ ከየት እንደመጣም ፉክክሩን ይነካል! የዓለም ባንክ ለአፍሪካ አገር የሰጠው የመጀመሪያ ብድር የኢትዮጵያ መሆኑንስ ያውቃሉ? በ1943 ዓ.ም. መስከረም፣ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር! የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ!

ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ ሲሄዱ የሚያልፉበት ባለ ስድስት መስመሩ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ግን አብዛኛው ገንዘቡ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው፤ የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው! ብድሩ ከአበዳሪው አገር ተቋራጭ ጋር ሲታሰር ፉክክሩ ገና ከበሩ ይጠባል።

በመጨረሻ ይህችን ያስሉልኝ! የዓለም ባንክ በሚያበድርበት ዓለም አቀፍ ጨረታ የአገር ውስጥ ተቋራጭ ተጨማሪ ዕድል ሊሰጠው ይችላል፤ ሲገመገም በውጭው ዋጋ ላይ 7.5 በመቶ ይታከላል። የውጭው 1,000 ሚሊዮን ብር፣ የአገር ቤቱ 1,070 ሚሊዮን ብር ቢያቀርቡ የውጭው ለንጽጽር 1,075 ሚሊዮን ይሆናል። ርካሹ ተሸነፈ!