አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት፤ በናሙና ፈትሾ ስለ መረከብ

በቦረና ወረዳ ከአባይ ሸለቆ ቆላ እስከ መካነ ሰላም ደጋ የሚመረተው ማሽላ፣ ስንዴና ባቄላ ጎተራ ከገባ በኋላ ነቀዝ ያጠቃዋል። አንዱ መከላከያ አየር የማያስገባው ከረጢት ነው። ይህን ዘዴ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማለቂያ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን አዳበሩት። ከውስጥ ሁለት ላስቲክ፣ ከውጭ የማዳበሪያ ጆንያ አለው። በደንብ የደረቀ እህል ተሞልቶ አፉ ጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይሞታል። ላስቲኩ የተበሳ ከሆነ ግን አንድ ኩንታል ቀለብ ወይም ዘር ለነቀዝ ተጋለጠ ማለት ነው።

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር 600 ከረጢት ቢገዛ ሁሉንም መፈተሽ አድካሚ ነው። ሦስት ብቻ አይቶ መረከብም አያዋጣም። ከ10 ከረጢት አንዱ የተበሳ ቢሆን እንኳ፣ የወጡት ሦስቱም ደህና ሆነው የሚገኙት ከ100 ጊዜ 73 ጊዜ ያህል ነው።

ስንት ናሙና እንደሚበቃ በስሌት ይታወቃል። በአሜሪካ የቤል ስልክ ላቦራቶሪ የሠሩት ሃሮልድ ዶጅና ሃሪ ሮሚግ በ1929 (እ.ኤ.አ.) ስለዚሁ ጽፈዋል። ለማኅበራት የሚስማሙ ሁለት ዕቅዶችን እናቀርባለን።

1ኛ/ 29 ከረጢት ፈትሹ። አንድም የተበሳ ካልተገኘ ተረከቡ፤ አንድ ከተገኘ መልሱ።

2ኛ/ 46 ከረጢት ፈትሹ። የተበሳው ከአንድ ካልበለጠ ተረከቡ፤ ሁለት ከተገኘ መልሱ።

ከ10 አንዱ የተበሳ ጭነት በሁለቱም ዕቅዶች የማለፍ ዕድሉ ከ100 ከ5 ያነሰ ነው። ልዩነቱ በደህናው ጭነት ላይ ይታያል። ከ100 አንድ ብቻ የተበሳበት ጭነት በመጀመሪያው ዕቅድ ከ100 ጊዜ 25 ጊዜ ያህል ያለ አግባብ ይመለሳል፤ በሁለተኛው 8 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜ ካለ ሁለተኛው ይመረጣል።

አወሳሰዱም እንደ ቁጥሩ ሁሉ ይወስናል። ከደሴ በአቀስታ በኩል በመኪና የመጣ ጭነት ከሥርና ከጠርዝ ሊፋቅ ይችላል። ከላይ ብቻ ያነሣ ሰው ጭነቱን አላየም። እስሮቹን ቁጥር ሰጥታችሁ በዕጣ አውጡ፤ ከእያንዳንዱ እስርም ከአንድ በላይ አትውሰዱ። ሻጩ መርጦ አይስጣችሁ። እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ በአየር ነፍታችሁ፣ አፉን ጠምዝዛችሁ ጫን በሉት፤ ከተነፈሰ የተበሳ ነው።

አዲስ ሳለ ደህና መሆኑ ግን ዕድሜውን አይነግርም። ለዚህ 29 ከረጢቶችን በዕጣ ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸውና ለአባላት አከፋፍሉ። አይጥ ባለበትና በሸካራ ወለል ላይ፣ እንደ ሌላው ሁሉ ይሠራባቸው፤ ተለይተው ከተጠበቁ ፈተናው ዋጋ የለውም። በየዓመቱ እህሉ ሲያልቅ ነፍታችሁ ውጤቱን መዝግቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ 29ኙም ካልተበሱ፣ ከዚያ ጭነት ከ10 ከረጢት ዘጠኝ ያህሉ ሦስት ዓመት እንደሚቆዩ ማኅበሩ በልበ ሙሉነት ሊናገር ይችላል።

በመጨረሻም የልማት ሠራተኛው አንድ ነገር እንዲያስታውስ እናሳስባለን። የናሙናው ብዛትና የመመለሻው ልክ ዕቃው ከመምጣቱ በፊት በውሉ ላይ ይስፈር። ከረጢቱ ከተራገፈ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለክርክር እንጂ ለእህሉ አይበጅም።