ቅርንጫፉ የት ላይ ይቆረጥ?

የግቢ ዛፍ ጣሪያ ላይ ሲያጋድል ወይም የመብራት ሽቦ ሲነካ ከአብዛኛው ባለቤት አፍ የሚወጣው ትእዛዝ «አናቱን በለው!» ነው። ገጀራ የያዘው የቀን ሠራተኛም ወጥቶ አናቱን ይለዋል። ግቢው ለጊዜው ብርሃን ያገኛል። ሁለት ሦስት ክረምት ሲያልፍ ግን ከተቆረጠው ጫፍ ዙሪያ ቀጫጭን ቀንበጦች ተጨናንቀው ይበቅላሉ፤ ወደ ላይም ይመዘዛሉ። እነዚህ አዳዲስ ቅርንጫፎች ከላይኛው የእንጨት ሽፋን ላይ ብቻ የተያዙ ስለሆኑ ሲከብዱ ነፋስ በቀላሉ ይገነጥላቸዋል። የበቀሉበት ጫፍም በበኩሉ መበስበስ ይጀምራል። ጣሪያውን ለማዳን የተደረገው ነገር የባሰ አደጋ ይዞበት ይመጣል።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። ያረጀ ቡናም ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ተጎንድሎ ይታደሳል። ጽድ ግን ቅጠል ከሌለው እንጨቱ መልሶ ስለማያቆጠቁጥ እንደተጎመደ ይቀራል። ለማገዶ ወይም ለፍሬ የተተከለ ዛፍ ሌላ፣ ቤት አጠገብ ለልጅ ልጅ እንዲቆም የሚፈለግ ዛፍ ሌላ።

ስለ ዛፍ ቁስል የነበረውን አስተሳሰብ የለወጠው አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሻይጎ (1930–2006) ነው። በአገሩ የደን አገልግሎት ሲሠራ እጅግ ብዙ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ፣ ጉዳቱ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ አየ። ግኝቱን በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተመበት ጥናት የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ የሰው ቁስል ሲድን የተጎዳው ሥጋ በአዲስ ይተካል፤ ዛፍ እንዲህ አያደርግም። የተጎዳውን እንጨት ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋውና በላዩ አዲስ እንጨት እያበጀ ያድጋል። ቁስሉ ተሸፍኖ እዚያው ይኖራል።

ስለዚህ መጋዙ የሚያርፍበት ቦታ ወሳኝ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ሥፍራ አበጥ ያለ አንገት አለ፤ ዛፉ መበስበስን የሚያግደው እዚህ ላይ ነው። ከግንዱ ጋር ልሙጥ አድርጎ መቁረጥ፣ ለዓይን ቢያምርም፣ ይህን አንገት ያጠፋል። ረጅም ጉማጅ መተውም ቁስሉ እንዳይገጥም ያደርጋል። ትክክለኛው ቦታ ከአንገቱ ወጣ ብሎ ነው። ሬንጅ ወይም ቀለም መቀባት በአብዛኛው የሚጠቅም ነገር የለውም፤ የሚደሰተው ቀቢው ነው።

ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ተብሎ ከሥር በኩል ጥቂት ይገዘገዛል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ሲቆረጥ ቅርንጫፉ የግንዱን ቅርፊት ሳይልጥ ይወድቃል። የቀረው ጉማጅ በመጨረሻ አንገቱ አጠገብ ይነሣል። መሰላሉን ራሱ በሚቆርጠው ቅርንጫፍ ላይ የሚያስደግፍ፣ ወይም በሕይወት የሚቆይ ዛፍ ላይ ሹል ብረት ጫማው ላይ አስሮ የሚወጣ ሰው ከመጣ አመስግኖ መሸኘት ነው። ሽቦ ካለ ደግሞ መጀመሪያ መብራት ኃይል ይጠራል።

ሙያው በሕግ የሚገዛበትም አገር አለ። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ፣ ለክፍያ ዛፍ የሚቆርጥና የሚንከባከብ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። አጎራባቿ ዋሺንግተን ዲሲ ባለቤቱንም ትቆጣጠራለች። የግንዱ ዙሪያ 44 ኢንች፣ ማለትም 112 ሳንቲሜትር ገደማ፣ የደረሰን ዛፍ ለማንሣት ፈቃድ ያስፈልጋል። 100 ኢንች የሞላውንና አደገኛ ያልሆነውን ግን በገዛ ግቢ ቢሆን እንኳ መቁረጥ አይቻልም። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ቢገረም አይፈረድበትም።

ጥሩ ዛፍ ገራዥ ብዙ አይቆርጥም። የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ያነሣል፤ ከለምለሙ ቅጠል ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ እንዳይሄድ ይጠነቀቃል፤ ዛፉ ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነውና። አንዳንዴም ዙሪያውን አይቶ ምንም አይነካም።

ችግሩ ጭራሽ ከታች የሚሆንበትም ጊዜ አለ። አብዛኛው የዛፍ ሥር በአፈሩ የላይኛው ግማሽ ሜትር ያህል ውስጥ ተዘርግቶ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ለቧንቧ ወይም ለአጥር መሠረት ሲቆፈር የተበጠሰ ሥር ጉዳቱ የሚታየው ዓመታት ቆይቶ፣ አናቱ መድረቅ ሲጀምር ነው። ለዚህም ጠንቃቃ ባለሙያ ሽቅብ ከመውጣቱ በፊት ባለፉት ዓመታት ግቢው ውስጥ ምን እንደተቆፈረ ይጠይቃል።