ተጨማሪ መረጃ፦ የእንቁራሪት ጭራና የጉበት ካንሰር

የእንቁራሪት እጭ አድጎ እግር ሲያወጣ ጭራው የት ይገባል? በ1962 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ጀሮም ግሮስና ሻርል ላፒዬር የጭራ ቁራጭ ወስደው ኮላጅን ከተባለው የአካል ፕሮቲን በተሠራ ዝልግልግ ነገር ላይ አስቀመጡት። ከቁራጩ ሥር ያለው ኮላጅን ሟሟ። ጭራው የገዛ አካሉን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያመነጫል ማለት ነው።

የዚህ ኢንዛይም ቤተሰብ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ፣ ባጭሩ ኤምኤምፒ ይባላል፤ በሰው ላይ ከ20 በላይ አባላት አሉት። ፕሮቲን የሚቆርጡት በዚንክ አማካይነት ነው። ቁስል ሲሽር ባለውለታ ናቸው። ጉበት ላይ ካንሰር ሲነሳ ግን ያው መቀስ ዕጢውን ያገለግላል፦ በተለይ ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 የደም ሥርን ከውጭ የሸፈነውን ስስ የኮላጅን ንጣፍ ይበጥሳሉ፤ የካንሰር ሕዋሳትም በተበጠሰው በኩል ሾልከው ደም ውስጥ ይገባሉ። በዕጢው ውስጥ የእነዚህ ኢንዛይሞች ጂኖች ምርት ከፍ ብሎ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ካንሰሩ ወደ ደም ሥር የመዝለቁና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የማገርሸቱ ዕድል ከፍ ይላል።

ታዲያ ኢንዛይሙን መዝጋት አይሻልም? በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ማሪማስታት የተባለ መድኃኒት በሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ላይ ተሞክሮ ነበር። የታማሚዎችን መገጣጠሚያ አሳመመ እንጂ የተጠበቀውን ውጤት አላመጣም። መድኃኒቱ ጠቃሚውንም ጎጂውንም አባል ሳይለይ ነበር የሚዘጋው።