ያውቁ ኖሯል? የብየዳ ጭስ ጉድ!

አዲስ ቅዳም ላይ፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ዳር ብልጭ የምትለው የብየዳ እሳት ከፀሐይ ጋር ትፎካከራለች! የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የብየዳ እሳት 6,000 ሊሻገር ይችላል! ብረት እዚያ መቅለጥ ብቻ አይደለም፣ ይፈላል፣ ይተናል!

ታዲያ ጭስ የሚሉት ተንኖ መልሶ የረጋ ብረት ነው! አብዛኛው ቅንጣት ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው፤ የራስዎ ጸጉር 70 ያህል ይወፍራል። አፍንጫ የት ያግደዋል!

ጭሱ ከሚበየደው በር የሚወጣ ይመስልዎታል? የለም! አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚመጣው ከኤሌክትሮዱ ነው!

ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው፤ ዚንክ ግን በ907 ይፈላል! ዚንክ የለበሰ ቆርቆሮ ሲበየድ ብረቱ ሳይቀልጥ ልባሱ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሣል! ማታ በያጁን ያንዘፈዝፈዋል፣ ያተኩሰዋል፤ በ1 ወይም በ2 ቀን ብን ይላል! ሰውነት በሳምንቱ ይለምደዋል፣ በዕረፍቱ ይረሳዋል፣ ሰኞ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ስሙም «የሰኞ ትኩሳት»! ወባ ነው ብሎ ክኒን የዋጠ ስንቱ ይሆን?

ወተት መጠጣትስ? ወተቱ ሆድ ውስጥ፣ ጭሱ ሳንባ ውስጥ! መቼ ተገናኝተው!

ኤሌክትሮድ ውስጥ ማንጋኒዝ አለ። ሲበዛ አንጎል ገብቶ አካሄድ ያበላሻል፣ ፊት ያደርቃል! ጆን ኩፐር የተባለ ሐኪም ይህን በማንጋኒዝ ፈጪዎች ላይ ያየው በ1837 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዳግማዊ ቴዎድሮስ ወጣትነት!

የሚያሰጋው ማንጋኒዝ ብቻ አይደለም! ጅማ ውስጥ ደማቸው የተመረመረ የጋራዥ ሠራተኞች ሁሉም በዴሲሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ ተገኘባቸው! አንድም ያመለጠ የለም! እርሳስ በእጅም ወደ አፍ ይገባል፤ እንጀራ የሚበላው ደግሞ በእጅ ነው! ስለዚህ ከምሳ በፊት ሳሙና!

የብየዳ ጭስ ካንሰር አምጪ ተብሎ ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ የገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው! ገና ትናንት!

ጥቁሩ ጭምብል የሚከልለው ብርሃኑን ነው፤ ጭሱ ከሥር ሽቅብ ይገባል! ሻሽ በአፍንጫ ማሰርም ወንፊት ነው። ኤን95 ጭምብል ግን ያንን ብናኝ ይይዛል!

ደጅ መበየድ ይበቃል? እንግሊዞች በ2019 እ.ኤ.አ. «ደጅም ቢሆን የአፍንጫ መከላከያ!» አሉ! እንዲያም ሆኖ ነፋሱ በጎንዎ እንዲያልፍ መቆምና ራስን ከጭሱ አናት ማራቅ ሳንቲም አያስወጣም! ቀለሙንና ዚንኩን ከመጋጠሚያው አስቀድሞ መፋቅም እንዲሁ፤ ሲፋቅ ግን አቧራውን አለመሳብ ነው!

የአገራችን የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ የማቅረቡን ግዴታ የጣለው አሠሪው ላይ ነው! ጓንትና ጭምብል በበያጁ ኪስ ብቻ የሚገዛ የሚመስለው ብዙ ነው!

በያጅ ኤምአርአይ ሊነሣ ሲል አስቀድሞ ዓይኑን ራጅ ሊያነሡት ይችላሉ! ዓይን ውስጥ የቀረች የብረት ፍንጣሪ ካለች ማግኔቱ ይጎትታታላ!

የበያጅ ሳንባ በራጅ ሲታይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሊሆን ይችላል፤ የተከማቸ ብረት ነው! ጉዱ ግን ይህ ነው፦ ከጭሱ ከራቀ፣ በዓመታት ውስጥ ነጠብጣቡ ሊጠፋ ይችላል!