ሽሮ፦ በበጋ ተለፍቶበት በማታ የሚደርስ ወጥ

ዶሮ ወጥ የበዓል ነው፤ ክትፎ የግብዣ ነው፤ ሽሮ ግን የሰኞና የማክሰኞ ነው። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ልጆቹ ተርበው ሲጠብቁት ቶሎ ብሎ የሚያነሣው የሽሮውን ዕቃ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እንጀራው ቀድሞ ተጋግሮ መሶብ ውስጥ አለ፤ ወጡም ከሽንኩርት፣ ከዘይት፣ ከውሃና ከዱቄቱ ሌላ ብዙ አይጠይቅም። በጾም በዘይት፣ በፍስክ በቅቤ ይሠራል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከገበታ አይጠፋም።

ሽሮ በማታ የሚፈጥነው ግን ዋናው ሥራ ከወራት በፊት ስላለቀ ነው። ድስቱ ላይ የምናየው የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት መልቀም፣ ማመስ፣ መከካት፣ ማበጠር፣ ማሸት፣ ማድረቅና ማስፈጨት አለ። ይህን ሙያ በወጉ ሳናውቅ ሽሮን "ቀላል ምግብ" ማለት ለለፉበት እጆች ዋጋ አለመስጠት ነው።

እህሉ

የሽሮ መሠረት ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ነው። አንዱ ቤት ሽምብራ ብቻ ይወዳል፤ ሌላው ከአተር ጋር ይቀላቅላል፤ ባቄላ የሚጨምርም አለ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች በሽምብራ ምርት ቀዳሚዋ ናት። ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ውሃ አቋሪ በሆነው ጥቁር አፈር ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ መሬቱ በያዘው እርጥበት ያድጋል። በሥሩ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጡታል። ስለዚህ ገበሬው ሽምብራ ባበቀለ ማሳ ላይ ቀጥሎ ጤፍ ወይም ስንዴ ቢዘራ ይጠቀማል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ለረጅም ዘመን ከሠራባቸው ሰብሎች መካከል ጤፍና ሽምብራ ይገኙበታል፤ እንጀራውና ሽሮው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጓያ አንድ ነገር መባል አለበት። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋምና ርካሽ ስለሆነ በአንዳንድ አካባቢ ለሽሮ ይውላል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ማመስ መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ዱቄት ገዝቶ የሚበላ ሰው ከምን እህል እንደተፈጨ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ከለቀማ እስከ ወፍጮ

የሽሮ ዝግጅት የበጋ ሥራ ነው፤ ፀሐይ ይፈልጋል። መጀመሪያ እህሉ በሰፌድ ይለቀማል፤ ጠጠሩና የነቀዘው ይወጣል። ቀጥሎ ይታመሳል። ማመስ ሦስት ነገር ይሠራል። እርጥበቱን አውጥቶ ዱቄቱ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ጥሬ ጥሬ የሚለውን የጥራጥሬ ጠረን ያጠፋል፤ ልጣጩም በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል። እሳቱ ከበዛ ውጩ ያርርና ሽሮው ይመራል፤ ካነሰ ደግሞ ጥሬነቱ እስከ ገበታ ይከተላል። ባለሙያዋ ይህን የምትለየው በሽታውና በቀለሙ ነው።

የታመሰው እህል ይከካል፤ ልጣጩም እየተበጠረ ይወገዳል። ከዚያ ቅመሙ ይመጣል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወቅጠው ከክኩ ጋር ይታሹና ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። በርበሬ፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድምብላልና ጨው እንደየቤቱ ወግ ይጨመራሉ። ጤና አዳምና አብሽ የሚያክሉም አሉ። በርበሬ የገባበት ምጥን ሽሮ ይባላል፤ ያልገባበት ነጭ ሽሮ ለአልጫ ይሆናል።

ማድረቁ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። በርበሬውና ቅመሙ እርጥበት ከያዙ ይሻግታሉ፤ አንዳንድ ሻጋታም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ ምግብ ማብሰልም አያጠፋውም። ስለዚህ ሁሉም በእጅ ሲታሽ እስኪንኮሻኮሽ መድረቅ አለበት። ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ጥሩ ሽሮ የላመ ነው፤ በጣት መካከል ሲፈተግ አይሻክርም። ተፈጭቶ ሲመጣ ትኩስ ስለሆነ ወዲያው አይታሸግም፤ ተዘርግቶ ይቀዘቅዝና በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጣል።

ምድጃው ላይ

ማታ የሚቀረው ይህ ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሽሮ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ ይቁላላል። ሲለሰልስ ዘይት ይጨመርበታል፤ ቁሌቱ ሲበስል ነጭ ሽንኩርት፣ ለሚወድ ደግሞ ቲማቲም ይገባል። ሽንኩርቱን ማጣደፍ አይገባም፤ የወጡ ጣፋጭነት ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ከ3 እስከ 4 ብርጭቆ ውሃ ገብቶ ይፈላል።

ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው ሽሮው ሲጓጉልበት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደረቅ ዱቄት በአንድ ጊዜ ፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ የውጩ ስታርች ወዲያው አብጦ ይጣበቃል፤ ውስጡን ውሃ እንዳይደርሰው ይዘጋዋል። መላው ሁለት ነው፤ ወይ በአንድ እጅ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ በሌላው ሳያቋርጡ ማማሰል፣ ወይ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመር። ሁለተኛው ለጀማሪ ይቀላል።

ሽሮው ከገባ በኋላ እሳቱ ይቀነሳል። መወፈሩን አይቶ ማውረድ ስሕተት ነው፤ መወፈር ማለት መብሰል አይደለም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀስ ብሎ መንተክተክ አለበት። ስለሚፈናጠር ድስቱ ገርበብ ተደርጎ ይከደናል፤ ሥሩ እንዳይዝም አልፎ አልፎ ይማሰላል። ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ ሲልና ጥሬው ሽታ ሲጠፋ ደርሷል። ጨው የሚቀመሰው በመጨረሻ ነው፤ ዱቄቱ ራሱ ጨው አለውና። ሊወርድ ሲል ቁንጥር ኮረሪማ ወይም መከለሻ ጣል ይደረግበታል፤ ቃሪያም ከጎኑ ይቀርባል።

ውሃውን ቀንሶ አወፍሮ የሠራ ሰው ተጋቢኖ አገኘ፤ በትንሽ ሸክላ እየተንተከተከ ለገበታ የሚቀርበው ነው። ሥጋ ከገባበት ቦዘና ሽሮ ይሆናል። ያደረው ሽሮ ደግሞ ጠዋት በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ይሞቅና እንጀራ ይፈረፈርበታል፤ ለልጆች ቁርስ ይሆናል፤ የትምህርት ቤት ምሳ ዕቃም በዚያው ይሞላል። እንጀራ ያለቀበት ማታ የስንዴ ዱቄት በውሃና በጨው አቡክቶ ስስ ቂጣ ምጣድ ላይ መጋገር ይቻላል፤ እርሾም ቀጠሮም አይፈልግም፤ ከሽሮ ጋርም ይስማማል።

ሆድ ከመሙላት በላይ

ሽሮን የችግር ምግብ አድርጎ የማየት ልማድ አለ። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል። ከደረቅ ሽምብራ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ጥራጥሬ ላይሲን በሚባለው የፕሮቲን ክፍል የበለጸገ ነው፤ ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። እንደ ጤፍ ያለው የብርዕ እህል ደግሞ በተቃራኒው ነው። እንጀራና ሽሮ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ላቦራቶሪ ሳይኖር ይህን ማዕድ ያቀናጁት እናቶቻችን ናቸው። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም የሽሮን ዋጋ ስለሚያውቅ ከአገር ቤት ሲመለስ በሻንጣው ከሚይዘው ሁሉ በርበሬና ሽሮ ይቀድማሉ፤ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ከሥራ መልስ የሚደርስ እራት ያስፈልጋልና።

ዛሬ በከተማ ቤቶች ሽሮ ማሰናዳት እየቀረ፣ የታሸገውን መግዛት እየተለመደ ነው። መግዛቱ ነውር የለውም፤ ጊዜና ቦታ የሌለው ብዙ ነው። የሚያሳስበው ሙያው በእጅ ግምት ብቻ የሚኖር መሆኑ ነው። ለአንድ ኪሎ ሽምብራ ስንት በርበሬ፣ ስንት ነጭ ሽንኩርት፣ ስንት ኮረሪማ እንደሚገባ አብዛኞቹ ባለሙያዎች በወረቀት አላሰፈሩትም። ስለዚህ እናትዎ፣ አክስትዎ ወይም ጎረቤትዎ በሚቀጥለው በጋ ሽሮ ሲያሰናዱ ሚዛን ይዘው አጠገባቸው ይቀመጡ። የሚጨምሩትን ሁሉ እየመዘኑ ይጻፉ፤ ለልጆችዎም ያስተላልፉ።