ሕፃናት ቀልድ ሲለማመዱ መምህሩ ምን ያድርግ?

ለማስተማር ልምምድ ወደ ዳንግላና አካባቢዋ ትምህርት ቤቶች የምንወጣበት ጊዜ ስለ ተቃረበ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ቧልት ብቻ የሚታየውን የሕፃናትን ቀልድ ለማንሳት ወደድን። «ቀልድ ደግሞ ይማሩታል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ እንደ መናገርና እንደ መቁጠር ሁሉ ቀልድም በደረጃ የሚለመድ ነገር ነው።

ሶቪየታዊው የሕፃናት ደራሲ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ የ23 ወር ልጁ ውሻውን እንደ ድመት «ሚያው» አሰኝታ በሳቅ ስትፈርስ አየና ነገሩን ሲመረምር አንድ ቁም ነገር አገኘ። ሕፃን ነገር ገልብጦ የሚስቀው ትክክለኛውን መልክ ጠንቅቆ ሲያውቅ ነው። ያላወቀ ልጅ ግራ ይጋባል እንጂ አይስቅም። እኛም ፈረስ በሚወደድበት በአዊ ምድር «ትናንት ፈረሱ ሰውዬውን ጋልቦ ገበያ ወጣ» ብንል ክፍሉ ይስቃል። ታዲያ ከሳቁት ይልቅ ያልሳቀውን ልጅ ልብ እንበል፤ ወይ ቋንቋው አልገባውም፣ ወይ ፈርቷል፣ ወይ ርቦታል። ይህን በጽሑፍ ፈተና ለማወቅ ስንት ቀን በፈጀ!

ልጁ 5 ወይም 6 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። «እንቆቅልሽ!» ይላል። «ምን አውቅልህ?» እንለዋለን። «በራችን ላይ የቆመች ላማችን!» ብሎ መልሱን ራሱ ዘርግፎ ይንከተከታል። ምኑ ያስቃል? ምኑም። ሆኖም ልጁ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ጠያቂና ተጠያቂ መኖሩን፣ ተራ መጠበቅን፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ እንደሚመጣ ይዟል። ቅርጹን ይዞ ፍሬው ቀርቶታል ማለት ነው። ከዚህ ላይ «ይህ ደግሞ እንቆቅልሽ ነው?» ያለ መምህር ልጁን ዳግመኛ አፉን እንዳይከፍት አደረገው። መልካሙ ዘዴ አብሮ ስቆ «እስቲ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ» ማለት ነው። ያላወቅን መስለን «አገር ስጠኝ» እስኪለን ብንጠብቅና ጎንደርን ወይም ባሕር ዳርን ብንሰጠው፣ መምህሩን ያሸነፈ ልጅ ምን ያህል እንደሚኮራ መገመት አያዳግትም።

የቃልን ሁለት ፍቺ ይዞ መቀለድ የሚመጣው ግን ቆይቶ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ማክጊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ደረጃ ከ7 ዓመት ገደማ ይጀምረዋል። በአማርኛ ለዚህ የሚመች ነገር ሞልቷል። «ገና ደረሰ ወይ?» ላለ ሰው «ገና፣ ገና ነው» ቢባል፣ አንዱ ጠብቆ በዓሉን፣ ሌላው ላልቶ ጊዜውን ይናገራል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ እንዲህ ያለው ጨዋታ ለንባብ ትምህርትም ይረዳል። የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታዎች ግን ለከፍተኞቹ ክፍሎች እናቆያቸው፤ ብዙዎቹ ለሕፃን አይሆኑም።

በቤቱ አውኛ የሚናገር ልጅስ? አውኛ የኩሽ፣ አማርኛ የሴም ቋንቋ እንደ መሆናቸው የአንዱ የቃል ጨዋታ ወደ ሌላው ሲዛወር ይሞታል። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ በአውኛ ይቀልድ። መምህሩ ባይገባው እንኳ የልጆቹን ፊት አይቶ ይጠብቅ፤ ከዚያ «አስረዱኝ» ይበል። ሲያስረዱ አማርኛቸው ይፈታል።

በአንድ ነገር ግን ቸልታ አያስፈልግም። በአንካሳነት፣ በተቀደደ ልብስ፣ በተለይም አውኛ በተጫነው አማርኛ የሚሳቀው ሳቅ ሲነሳ መምህሩ ከንፈሩን እንኳ ማንቀሳቀስ የለበትም። በአነጋገሩ አንድ ቀን የተሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን ሳያወጣ ሊከርም ይችላል። ታዲያ ቁጣ ብቻውን አይበቃም፤ የተሳቀበት ልጅ ወዲያው ሌላ ነገር የሚናገርበት ተራ ይሰጠው። በእንቆቅልሹ ጨዋታ አገር የተቀበለው ልጅ ተሸናፊውን ቢሞልጨውም የማይከፋው ነገ ተራው ስለሚዞር ነው፤ እዚህ ግን ተራው አይዞርም።

አነጋገሩንም ማስለመድ ይቻላል። ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ሳቁ ቀድሞት መጨረሻውን ይውጠዋል። «የመጨረሻዋን ቃል ያዛት፣ እስክነቀንቅልህ አትልቀቃት» ብንለው ጨዋታው ራሱ ያስደስተዋል። መጀመሪያ ለአጠገቡ ልጅ፣ ቀጥሎ ለአንድ ወንበር ልጆች፣ በኋላ ለክፍሉ ይናገር። ጠዋት ጠዋት 5 ደቂቃና 2 ልጆች ይበቃሉ። የነገዎቹን ተረኞች ስም በሰሌዳው ጥግ ጽፈን ብንወጣ፣ ማታ እሳት ዳር አያታቸውን ሲያስቸግሩ ያመሻሉ።