ስምን አንድ አድርጎ ስለ ማስጻፍ

ሰው ከናቱ ማሕፀን ሲወጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ስጦታ ስም ነው። ልብስ ቢያልቅ ይለወጣል፥ ቤት ቢፈርስ ይሠራል፤ ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል ተብሎአል። ይሁን እንጂ በዛሬው ዘመን ስም ከመቃብር በላይ ከመዋሉ በፊት በመዝገብ፥ በመታወቂያ፥ በፓስፖርትና በአይሮፕላን ቲኬት ላይ ይውላል፤ በነዚህም ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ያልተገኘ እንደ ሆነ ባለቤቱን ከመንገድ ያስቀረዋል። እኛ የችሎት ጸሓፊ ነንና ይህን የመሰለ ጉዳይ በነቀምቴ ከተማ ዘወትር ከፊታችን ይቀርባል። ስለዚህ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን ያየነውንና የሰማነውን እንጽፋለን።

በ2016 ዓመተ ምሕረት አንዲት ባልዋ የሞተባት እናት ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። ስማቸውን አንጽፍም። ሴት ልጃቸው ባንድ የአውሮፓ አገር የምትኖር ስትሆን የመጀመሪያ ልጅዋን ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቶአት ነበር። እናትየዋም የአራስ ልጃቸውን ገንፎ በእጃቸው ሊያበሉ፥ የልጅ ልጃቸውንም ሊታቀፉ ቅቤውን አንጥረው፥ በሶውን አስፈጭተው ተዘጋጅተዋል። ነገር ግን ለቪዛ የተሰበሰበው ወረቀት ሲመረመር እንቅፋት ተገኘበት። በልጅቱ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የናት ስም ተብሎ የተጻፈው አማታቸው በሰርጋቸው ጊዜ ያወጡላቸው ስም ነው። በራሳቸው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ደግሞ አባታቸው ያወጡላቸው ነው። በባንክ ደብተራቸውም ላይ የሰርጉ ስም ከሌላ አያት ስም ጋር ተጽፎአል። ስለዚህ በገዛ ልጃቸው ወረቀት ላይ እናት ሳይሆኑ ቀሩ።

«ልጄ፥ እኔ እኔ መሆኔን ማን ካደ?» አሉን።

«እናቴ፥ ማንም አልካደም፤ ወረቀቱ ግን ሁለት ሴቶች አሉ ይላል» አልናቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ታዲያ ሁለተኛይቱ ሴት የት አለች? እስዋ ልጄን ስትወልድ እኔ የት ነበርሁ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም የምንመልሰው አጣን።

አባቶቻችን ሰውን የሚያውቁት በወረቀት አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እርሱም አባቱን፥ አያቱን፥ ቅድመ አያቱን እያለ ይቈጥራል፤ ከሰሚዎቹም አንዱ ዘመዱን ያገኛል። በወለጋም ጐሣን እየቈጠሩ መተዋወቅ የቈየ ልማድ ነው። በዚህ አኗኗር አንድ ሰው ብዙ ስም ቢኖረው ጕዳት የለውም። አባት ያወጣው ስም፥ የክርስትና ስም፥ የቤት ስም፥ አማት ለምራትዋ የምታወጣው ስም፥ ይህ ሁሉ የፍቅር ምልክት ነው እንጂ ማታለያ አይደለም፤ ጐረቤት ሁሉንም ያውቃልና።

ዳሩ ግን ሰው ከጐረቤቶቹ የራቀ እንደ ሆነ የሚመሰክርለት ወረቀቱ ብቻ ነው። ይህም ልማድ በዓለም ላይ እጅግ የቈየ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብዙው የአውሮፓ ክፍል ያለ ፓስፖርት መዘዋወር ይቻል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1920 በመንግሥታት ማኅበር ሥር በፓሪስ የተደረገው ጉባኤ ፓስፖርት በየአገሩ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው መከረ። አገራችንም በ1916 ዓመተ ምሕረት የዚሁ ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1922ም የዜግነት ሕግ አወጣች። ያ ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቍጥር 378ም ይህንኑ መሠረት ጠብቆአል። እንግዲህ በአውሮፓ የሚወለደው ሕፃን ኢትዮጵያዊነቱን የሚያገኘው ከናቱ ወይም ካባቱ ነው፤ እናቱም ከወላጆችዋ። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሚያያይዘው ክር በወረቀት ላይ የተጻፈው ስም ነው፤ ክሩ ካንድ ቦታ የተበጠሰ እንደ ሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይወሳሰባል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፥ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፍ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን የመዝገቡ ሥራ ለጊዜው እንዲቈይ በዚያው ሕግ ስለ ተነገረ ለብዙ ዘመን ሳይጀመር ኖረ። ኋላ በአዋጅ ቍጥር 760/2004 ታዝዞ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው የልደት ወረቀቱን የሚያወጣው ካደገ በኋላ ጉዳይ ሲገጥመው፥ በምስክርና በትዝታ ነው። ትዝታም ይሳሳታል። እኒያ እናት የተወለዱበትን ዘመን ሲጠየቁ «የታኅሣሥ ግርግር በሆነ ዓመት» ብለው ይመልሳሉ፤ ይኸውም 1953 ነው። በመታወቂያቸው ላይ ግን 1950 ተብሎ ተጽፎ አገኘነው።

ሌላው የስሕተት ምንጭ የፊደል ነገር ነው፤ ይህም በኛ አገር እጅግ ይበዛል። ከ1984 ገደማ ጀምሮ የኦሮሞ ቋንቋ በቁቤ፥ ማለት በላቲን ፊደል ይጻፋል። በቁቤ ሥርዓት «ጨ» የሚጻፈው «ሲ» በምትባለው ፊደል ብቻ ነው፤ «ጠ» ደግሞ «ኤክስ» በምትባለው። ፓስፖርት ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ልማድ ነው። ስለዚህ ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ በ«ሲ» ተጀምሮ አናባቢዎቹ ተደርበው፥ በፓስፖርት ላይ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ይጻፋል። ጥላሁንም በቁቤ በ«ኤክስ»፥ በእንግሊዝኛው ልማድ በ«ቲ» ይጀምራል። ለጆሮ አንድ ስም ነው፤ መኪና ግን በጆሮ አይሰማም። በፓስፖርቱ ግርጌ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙ ሁለት መስመሮች አሉ፤ በአይሮፕላን ጣቢያ ያለው መኪና የሚያነባቸው እነዚያን ነው፤ ከ26ቱ የላቲን ፊደላት በቀር ሌላ ፊደል አይገባባቸውም። በቲኬቱ ላይ ያለው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ መንገደኛው ሊመለስ ይችላል።

የዘመን አቈጣጠርም እንዲሁ ያሳስታል። የአውሮፓን ዓመት ለማግኘት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፥ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይጨመራል። ጳጉሜን 5 ቀን 1988 የተወለደ ሕፃንና በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1989 የተወለደ ሕፃን በኛ ዘንድ በዓመት ይለያያሉ፤ በአውሮፓ ዘንድ ግን ሁለቱም በሴፕቴምበር 1996 የተወለዱ ናቸው። ይህን ሳያውቅ ሁልጊዜ 8 የሚጨምር ጸሓፊ የሰውን ዕድሜ በዓመት ያዛንፋል።

አሁን ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያ ታውጆአል፤ ስሙም ፋይዳ ነው። ቃሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ጥቅም ማለት ነው። በምዝገባው ጊዜ የ10 ጣት አሻራ፥ የሁለቱ ዓይን ብሌንና የፊት መልክ ይወሰዳል፤ ለሰውየውም 12 አኃዝ ያለው ቍጥር ይሰጠዋል። የዚህ ሁሉ ዓላማ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመዘገብ ነው። ስም ሁለት ቢሆን ጣት አንድ ነውና፥ በሌላ ስም እንደ ገና ልመዝገብ የሚለውን መኪናው ያውቀዋል። ስለዚህ ስሕተት ያለበት ሰው ተጣድፎ ከመመዝገቡ በፊት ወረቀቱን ማስማማት ይገባዋል። ደግሞም ይህ መታወቂያ የሰውን ማንነት ያስረዳል እንጂ ዜግነቱን አያስረዳም፤ በአገራችን በሕግ የሚኖር የውጭ አገር ሰውም ሊያገኘው ይችላልና። ለውጭ አገር ጕዞ ዜግነትን የሚያስረዳው ፓስፖርት ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

መታወቂያው በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኢንተርኔት የሚመረመር በሆነ ጊዜ ሌላ ፈተና መጣ። አታላይ በስልክ ይደውልና ስምን ከነአባቱ ጠርቶ «ከባንክ ነኝ፤ የደረሰዎትን ቍጥር ይንገሩኝ» ይላል። ስማችንን ማወቁ የርሱን ማንነት አያስረዳም፤ ስማችን በስንት ቦታ ተጽፎአልና። በስልክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቍጥር የቤት ቍልፍ ማለት ነው፤ ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን አይነገርም። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ቪዛ ባገኙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ የፓስፖርታቸውን ፎቶግራፍ በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ ያወጣሉ፤ ይህም ስምን፥ የልደት ቀንንና የፓስፖርትን ቍጥር በገበያ መካከል እንደ ማወጅ ያለ ነው። ከውጭ አገር ዘመድ ነኝ ብሎ በጽሑፍ ገንዘብ የሚለምን የመጣ እንደ ሆነ ድምፁን ሳይሰሙ፥ ከቤተ ሰብ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ሳይጠይቁ አንዲት ብር መላክ አይገባም። ዱሮ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም በዚህ ቦታ ይጠቅማል።

ወደ እኒያ እናት ጉዳይ እንመለስ። አቤቱታ ጻፉ፤ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የሚቃወም ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ወጣ፤ ሦስት ምስክሮችም ተሰሙ። ከምስክሮቹ አንዲቱ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ጐረቤት ነበሩ። ዳኛው «ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት መሆናቸውን በምን ያውቃሉ?» ብለው በጠየቁዋቸው ጊዜ «አማትዋ ቅቤ በራስዋ ላይ አኑራ ስሙን ስታወጣላት እኔ አጠገብዋ ቆሜ ነበር፤ ልጅቱም ስትወለድ የተቀበልኋት እኔ ነኝ» ብለው መለሱ። ችሎቱም ሁለቱ ስሞች የአንዲት ሴት ናቸው ብሎ ፈረደ። ይህ ሁሉ፥ መታወቂያውን ማስተካከሉና ፓስፖርቱን ማውጣቱ ጭምር፥ አሥር ወር ፈጀ። ሕፃኑ ያለ አያቱ ተወለደ፤ ክርስትናም ያለ አያቱ ተነሣ።

ስለዚህ ወላጆችን የምንመክረው ይህን ነው። አንደኛ፥ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ሕጉ እንደሚያዝዘው ልደቱን ያስመዝግቡ፤ የቤት ስሙን በቤት ይጥሩት፥ በመዝገብ ግን አንድ ስም ብቻ ያስጽፉ። ሁለተኛ፥ ስሙ በግዕዝ ፊደልም በላቲንም እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድመው ይወስኑ፤ በትምህርት ቤት፥ በባንክና በፓስፖርት ላይ ያንኑ ይጠብቁ። ሦስተኛ፥ የኢንተርኔት ቤት ጸሓፊ ቅጹን ሲሞላ አጠገቡ ቆመው አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ይዞ ይሂድ። አራተኛ፥ ቶሎ አወጣለሁ ለሚል ደላላ ገንዘብም ወረቀትም አይስጡ። አምስተኛ፥ በእሳት ወይም በመፈናቀል ወረቀት ይጠፋልና ግልባጩን በታመነ ዘመድ ዘንድ ያኑሩ። ስሕተት ያለበትም ሰው የጕዞ ቀን እስኪቈረጥ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ያሳርም። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ስለዚህ ነው፤ የተሳሳተውም ጽሑፍ እንደዚሁ ይወረሳልና።

እኒያ እናት ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከመሳፈራቸው በፊት ሊሰናበቱን መጡ። ቲኬቱን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያይተን ፊደል በፊደል እንድናነብላቸው ለመኑን፤ አነበብንላቸው፤ አንድ ነበር። ከዚያም በእጅ ስልካቸው የሕፃኑን ፎቶግራፍ አሳዩን፤ በዳዴ ይሄዳል። «ገንፎው አለፈኝ፥ በሶው ግን አልቀረም» ብለው ስቀው ሄዱ።